ስለ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የመጀመሪያ ሸክላና ስለ ቆሎ ተማሪው ዜማ

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የደረሷቸውን ዜማዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጀርመን አገር ነው። በሸክላው ላይ ዘፋኝም፣ ከበሮም፣ ሌላ አጃቢም የለም፤ አንዲት መነኵሲት ብቻቸውን ተቀምጠው የራሳቸውን ድርሰት ሲጫወቱ ብቻ ይሰማል። ለብዙ ዘመን ከጥቂት ሰዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባሉት ፈረንሳዊ በሚያዘጋጁት «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በ21ኛው ቁጥር ከሌሎች ሥራዎቻቸው ጋር ተሰብስቦ ከወጣ ወዲህ ግን የደራሲዋ ስም በዓለም ተሰማ። በአገራችንም ዛሬ ስማቸውን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሸክላ ከዳር እስከ ዳር ሰምቶ ስለ እርሱ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ብዙ ያለ አይመስለንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የደራሲዋን ዝና መድገም አይደለም፤ ዝናውማ ከእኛ በፊት በሌሎች ተነግሯል። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ይኸውም፣ ይህን ሸክላ በምን ሚዛን መመዘን ይገባል? ሚዛኑስ ከየት ይመጣል? የሚል ነው። እኛ በደብረ ታቦር የምንማር ተማሪዎች እንደ መሰለን፣ ሸክላው የታሰበው ለቆሎ ተማሪ ስለ ሆነ፣ ሐሳቡም ደራሲዋ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ባጠኑበት በጎንደር ስለ ተጸነሰ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመዘን የሚገባው በዜማ ቤት ሚዛን ነው። በዚህ ሚዛን ሲመዘን አንዳንድ ቦታ ከተወደሰበት ይበልጣል፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይጎድላል። ሁለቱንም በየተራቸው ለማሳየት እንሞክራለን።

በመጀመሪያ ስለ ደራሲዋ ሕይወት ለነገሩ የሚያስፈልገውን ያህል እንናገር። እማሆይ ጽጌ ማርያም በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ የዓለም ስማቸው የውብዳር ነው። ገና በ6 ዓመታቸው ከእኅታቸው ከወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ጋር ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ተላኩ፤ በዚያም ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተማርከው ወደ አዚናራ ደሴት፣ ኋላም በኔፕልስ አቅራቢያ ወዳለ ስፍራ ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ በካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከተባሉ የፖላንድ ተወላጅ ሙዚቀኛ ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው ከፍ ያለውን የሙዚቃ ትምህርት ለመማር ዕድል ቢያገኙ ፈቃድ ተከለከሉ። ይህ ኀዘን ጠንቶባቸው ሳለ ዓለምን ትተው ወደ ግሸን ማርያም ሄዱና መነኰሱ፤ በዚያም ተራራ ላይ በባዶ እግራቸው እየሄዱ 10 ዓመት ያህል ኖሩ። እንግዲህ ፒያኖውን በተዉበት ጊዜ እንደ ተማሪ ተዉት፤ ተመልሰው በያዙት ጊዜ ግን መነኵሲት ነበሩ። ይህ ልዩነት በሸክላው ላይ ግልጽ ሆኖ ይሰማል።

የደራሲዋ አባት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው። እኒህ ሰው በጎንደር በከንቲባነት ያገለገሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ አሜሪካ ከሄዱት የኢትዮጵያ መልእክተኞችም አንዱ ነበሩ። በልጅነታቸው በሚስዮናውያን እጅ አድገው፣ በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪስቾና ትምህርት ቤት ተምረዋል። ይህን የምናነሣው ለዘር ቈጠራ አይደለም። ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቆ ባለው በጋፋት፣ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ለዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ካበጁት የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎች መካከል ብዙዎቹ የመጡት ከዚያው ከክሪስቾና ነበርና ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ጥበብና የደጋው አገር ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ የተገናኙት በእማሆይ ዘመን አይደለም፤ ከእርሳቸው በፊት በአባታቸው ዘመን ተገናኝተው ነበር። በጋፋት ግን ጥበቡ የተጠየቀው መድፍ እንዲሠራ ነው። በልጃቸው እጅ ያ የባሕር ማዶ ጥበብ ለሌላ ነገር ዋለ።

ለምን እንደ ዋለ ከዚህ ቀጥለን እንመልከት። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር ተቀምጠው የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ ነበር። በዚያ ጊዜ ከሩቅ አገር መጥተው ዜማ የሚማሩ ልጆች ማደሪያ አጥተው ደጅ ሲያድሩ፣ የሚበሉትንም ለምነው ሲያገኙ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው ባላቸው ነገር፣ ማለት በሙዚቃቸው፣ ሊረዷቸው ቈረጡ። የመጀመሪያው ሸክላ የታተመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለመታተሙም ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ረዷቸው ይነገራል። እንግዲህ ይህ ሸክላ ለክብር ወይም ለገበያ የተሠራ ሳይሆን ለተማሪ ቀለብ የተሠራ ነው። ስለ ሸክላው የጻፉ ብዙ ሰዎች ይህን ነገር እንደ ደግ ወሬ ጠቅሰው ያልፉታል። እኛ ግን የድርሰቱ ቍልፍ ይህ ነው እንላለን።

የቆሎ ተማሪ ማን እንደ ሆነ ለአገራችን አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም ይሆናል። ይሁን እንጂ የእኛ አገር፣ ማለት ከጉና ግርጌ ጀምሮ እስከ ጋይንት ያለው ደጋ፣ በዜማ ትምህርት ያለውን ስፍራ ማስታወስ ይገባል። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ሲጨርስ የሚያስመሰክርበት ቤተልሔም የሚገኘው በጋይንት ነው። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ የሆነው ዙር አባም በዚያው በጋይንት ነው፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬን የደረሰው በዚህ ቦታ ነው የሚል ትውፊትም አለ። በአቋቋም ትምህርት ደግሞ የጎንደሩ ታች ቤት ሲባል የደብረ ታቦሩ ላይ ቤት ይባላል። እንግዲህ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቦ፣ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የሚመጣው ተማሪ የሚመጣው ወደነዚህ ጎጆዎች ነው። እማሆይ በጎንደር ያዩት ልጅ ከጥቂት ዓመት በኋላ በቤተልሔም ሊገኝ ይችላል፤ በቤተልሔም የነበረውም በጎንደር። ተማሪው መምህሩን እየተከተለ ስለሚዞር አገሩ ትምህርቱ ያለበት ነው።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። በውጭ አገር ስለዚህ ሥራ የጻፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከሳቲ፣ ከዴቡሲ፣ ከሾፓን ወይም ከአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ጋር ያነጻጽሩታል። ንጽጽሩ መሠረት የለውም አንልም። ደራሲዋ የአውሮፓን ድርሰት ከልጅነታቸው ጀምሮ ተምረዋል፤ የሾፓን ዓይነት ጨዋታም በእጃቸው ላይ መኖሩ ይታወቃል። ብሉዝም ቢሆን ያዘነ ሰው ብቻውን የሚያዜመው በመሆኑ ጆሮ ሊያቀራርበው ይችላል። ነገር ግን ንጽጽሩ አንድ ጉድለት አለው። ሁልጊዜ ሥራውን የሚያስረዳው ከውጭ በመጣ ነገር ነው፤ ከውስጥ ያለውን «እንግዳ» ወይም «ምሥጢራዊ» ብሎ ያልፈዋል። ለፓሪስ ሰሚ ምሥጢር የሆነው ግን ለላይ ቤት ተማሪ የዕለት ትምህርት ነው። ስለዚህ ምሥጢር የተባለውን በስሙ ለመጥራት እንሞክር።

አንደኛ፣ የጊዜ አያያዙን እንመልከት። በሸክላው ላይ ያሉት ድርሰቶች ብዙውን ጊዜ በእኩል ምት አይሄዱም። አንዱ ሐረግ ይዘገያል፣ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ከዚያ ፀጥታ ይሆናል። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ደራሲዋ የግል ጠባይ ያዩታል። በአቋቋም ቤት ግን አንድ ዜማ በመጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ማለት ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል፣ በድምፅ ብቻ፣ ቃሉ በሚፈልገው ርዝመት ይዜማል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል፤ ከዚያ ከበሮውና ጸናጽሉ ገብተው መረግድ ይሆናል፤ በመጨረሻም በጭብጨባ ጽፋት ይደረጋል። እንግዲህ የእማሆይ ፒያኖ የሚቆየው በመጀመሪያው ደረጃ፣ በቁሙ ላይ ነው እንላለን። ከበሮው ሊመጣ ነው ብለን እንጠብቃለን፤ አይመጣም። ለሰሚው የሚሰማው ብቸኝነት ከዚህ ይመነጫል። ይህ ብቸኝነት የአንዲት ሴት የልብ ስብራት ብቻ አይደለም፤ ከማኅበሩ በፊት ቀድሞ የተነሣ የአንድ መሪ ድምፅ ነው፤ ማኅበሩ ገና አልተቀበለውም።

ሁለተኛ፣ የዜማውን ጌጥ እንመልከት። የድጓ ተማሪ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች ያውቃል፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቍርጥ፣ ርክርክ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል ርክርክ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ነው። በሸክላው ላይ ቀኝ እጃቸው አንዱን ድምፅ ከነካ በኋላ በፍጥነት እየተርከረከረ ወደ ታች ሲወርድ ደጋግሞ ይሰማል። የፒያኖ መምህር ይህን የአውሮፓ ጌጥ ብሎ ይጠራው ይሆናል፤ በከፊል እውነቱን ነው። ሆኖም በአውሮፓው ድርሰት ጌጡ ብዙ ጊዜ በዜማው ላይ የሚጨመር ነገር ነው፤ በዜማ ቤት ግን ርክርኩ ራሱ ዜማው ነው፤ ቢወጣ የሚቀር ነገር የለም። የእማሆይን ድርሰት ያለ ርክርኩ ለመጫወት የሞከረ ሰው የምንለውን ይረዳዋል። ዜማው አጥንቱ ብቻ ይቀራል።

ሦስተኛ፣ አርእስቶቹን እንመልከት። ሸክላው በባዕድ ቋንቋ ስለ ወጣ አርእስቶቹን በራሳችን ትርጉም እናቀርባለን። የመጀመሪያው «ቤት የለሽ ተንከራታች» ነው፤ ከእርሱ ጋር «የሟች የመጨረሻ እንባ»፣ «የአንዲት ልጃገረድ እሮሮ»፣ «የእብድ ሳቅ» የተባሉ አሉ፤ ልብ ገና ያልመጣውን ነገር ቀድሞ ስለ ማወቁ የሚናገርም አለ። አንባቢው እንደሚያስተውለው ከእነዚህ ውስጥ አንዱም ቅዱስ ወይም ንጉሥ አይጠራም። የተጠሩት ቤት የሌለው፣ የሞተው፣ እሮሮ ያላት ልጅ፣ እብዱ ናቸው። ጎልጎታና ጌቴሴማኒ በስማቸው የተጠሩት በኋለኞቹ ሥራዎች ነው። በመጀመሪያው ሸክላ ግን መነኵሲቷ ስለ እግዚአብሔር በቀጥታ አልተናገሩም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስለሚቀመጡት ሰዎች ተናገሩ። ለእኛ ይህ ከሃይማኖት የራቀ ነገር ሆኖ አይታየንም። በደጀ ሰላም የተቀመጠውን አልፎ ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው ጸሎቱን ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ጣለው ሁሉ ከደጁ መጀመር ተገቢ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው «ቤት የለሽ ተንከራታች» ነው። ዜማው ይነሣል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቆማል፤ እንደ ገና ከዚያው ቦታ ይነሣል። ወደ አንድ ታላቅ ፍጻሜ አይገሠግሥም፤ የአውሮፓው ድርሰት ብዙውን ጊዜ እንደሚያደርገው ተቃዋሚ አግኝቶ፣ ታግሎ፣ አሸንፎ አይጨርስም። ከደጅ ወደ ደጅ የሚሄድ ሰው አካሄድ ነው። ደራሲዋ ያሰቡት ቆሎ ተማሪውን ነው ብለን መመስከር አይቻለንም። ነገር ግን አንድ ተማሪ በማለዳ ተነሥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በሰፈሩ ሲዞር የሰማ የደብረ ታቦር ሰው፣ የዚህን ድርሰት አካሄድ ለማወቅ ሌላ አስረጅ አያስፈልገውም። ተማሪው በአንዱ ደጅ ይቆማል፣ ድምፁን ያሰማል፣ ቁራሽ ቢያገኝም ባያገኝም ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። ቃሉ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ደጁ ነው። በድርሰቱም ሐረጉ እምብዛም አይለወጥም፤ በተመለሰ ቍጥር ግን በሌላ ደጅ እንደ ቆመ ሆኖ ይሰማል።

«የእብድ ሳቅ» የተባለውንም ማንሣት ይገባል። አርእስቱን ያነበበ ሰው ጩኸትና ግርግር ይጠብቃል። እማሆይ ግን እብዱን አላሾፉበትም። ሳቁ ከለቅሶ እምብዛም ሳይርቅ ይሄዳል። በአገራችን ስለ እብድ ሲነገር መሳለቅ የተለመደ ስለ ሆነ ይህ ርኅራኄ ለእኛ ትምህርት ነው።

እስካሁን የሸክላውን ብርታት ተናገርን። አሁን ጉድለቱን እንናገር፤ ሥራውን የምናከብር ከሆነ መሸፋፈን አይገባንም። የመጀመሪያው ጉድለት ከመሣሪያው የሚመጣ ነው። የፒያኖ ድምፆች አስቀድመው የተወሰኑ ናቸው፤ በአንዱና በሁለተኛው ቁልፍ መካከል የሚገኝ ድምፅ የለም። የዜማ መምህር ግን ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሻገር መካከሉን አይዘለውም፤ ይንሸራተትበታል። እማሆይ ይህን ስላወቁ ሁለትና ሦስት ቁልፎችን በፍጥነት በመንካት ክፍተቱን ለመሸፈን ይጥራሉ። ብዙ ጊዜ ይሳካላቸዋል። ሐረጉ ሲረዝም ግን ዜማው መንሸራተቱን ትቶ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይሆናል። የዜማ ቤት ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል።

ሁለተኛው ጉድለት የግራ እጅ ነው። ቀኝ እጃቸው በቁም ሲያዜም ግራ እጃቸው አንዳንድ ጊዜ በአውሮፓ አዳራሽ የተለመደውን አጃቢነት ይይዛል። በዚህ ጊዜ ሁለት አገር በአንድ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜም አይስማሙም። እጅግ የሚያምሩት ቦታዎች ግራ እጁ ዝም የሚልባቸው ወይም አንዱን ድምፅ ይዞ የሚቆይባቸው ናቸው፤ ያን ጊዜ የበገናን ጠባይ ይመስላል። ይህን አካሄድ በሸክላው ሁሉ ቢያዘወትሩት ኖሮ ሥራው ይበልጥ አንድ ወጥ በሆነ ነበር እንላለን።

አንዳንድ ሰው በዚህ ቦታ እንዲህ ብሎ ሊቃወመን ይችላል። «ፒያኖ በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ስፍራ የለውም፤ የደራሲዋም ድርሰት ዜማ አይደለም። ታዲያ ዓለማዊ ሙዚቃን በያሬድ ምልክት መመዘን ድፍረት አይሆንምን?» ተቃውሞው ክብደት አለው። እኛም ሸክላው ማኅሌት ነው አላልንም፤ ደራሲዋም እንዲህ ብለው አላቀረቡትም። ነገር ግን በገናም በማኅሌት አይገባም፤ የጾም ወራት በቤት ውስጥ ሲደረደር ግን መንፈሳዊነቱን የሚክድ የለም። በቅኔ ማኅሌቱና በገበያው መካከል ሦስተኛ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ምእመን በቤቱ ብቻውን የሚያዝንበትና የሚጸልይበት ስፍራ ነው። የእማሆይ ፒያኖ በዚህ ስፍራ የበገና ጎረቤት ነው። በዚህ ስፍራ ያለውን ሥራ በዜማ ቤት ሚዛን መመዘን ዜማውን ማርከስ አይደለም፤ የዜማው ፍሬ ከቅጥሩ ውጭ ምን ያህል እንደ ደረሰ መለካት ነው።

የመሣሪያው ጉድለት በምን ሊሟላ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላ ሥራ አለ። እማሆይ በደርግ ዘመን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ከመሄዳቸው በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በአዲስ አበባ በቤተ ሰባቸው ቤት ሆነው ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ ያዜሙትን በካሴት ቀድተው ነበር። ይህ ቅጂ «ማስታወሻዎች» የሚል ትርጉም ባለው በባዕድ አርእስት በሚሲሲፒ ሪከርድስ አማካይነት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው፤ ደራሲዋ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ መሆኑ ነው። ግጥሞቹ ስለ አገር፣ ስለ ናፍቆት፣ በሰማይ ስለሚያልፍ ደመና ይናገራሉ። ድምፃቸው የሠለጠነ ዘፋኝ ድምፅ አይደለም፤ ቀጭንና ትሑት ነው። ነገር ግን ፒያኖው ሊንሸራተት ባልቻለበት ቦታ ድምፃቸው ይንሸራተታል። በመጀመሪያው ሸክላ የጎደለው እዚህ ላይ ተሟላ። ሁለቱን አንድ ላይ የሰማ ሰው የመጀመሪያው ሸክላ ቃሉን የያዘ ነገር ግን ያላወጣ ዘፈን እንደ ነበረ ይረዳል። ስለዚህ እማሆይን የፒያኖ ደራሲ ብቻ ብሎ መጥራት አይበቃም፤ ግጥም ከዜማ ጋር የሚደርሱ፣ እንደ አገራችን ሰው በትዝታ የሚያንጎራጕሩ ባለ ቅኔ ነበሩ።

እንግዲህ ፍርዳችንን በአጭሩ እንስጥ። የመጀመሪያው ሸክላ በድርሰት ጥበብ ፍጹም አይደለም። ሆኖም ከዚያ በፊት ያልተሠራ አንድ ሥራ ሠርቷል፤ በጎጆ ውስጥ የሚጠና ዜማ ያለውን የጊዜ አያያዝና ጌጥ ለባዕድ መሣሪያ አስተምሯል። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው አሠራሩና ዓላማው አንድ መሆናቸው ነው። ቆሎ ተማሪው በሰው ደጅ ቆሞ ድምፁን አሰምቶ ቁራሽ ይቀበላል። እማሆይም ስለ እርሱ ሲሉ በአውሮፓ ደጅ ቆመው ድምፃቸውን አሰሙ። ፒያኖው አኩፋዳ ሆነላቸው። ለራሱ የሚለምን ብዙ ነው፤ ለሌላው ሲል ለማኝ የሚሆን ግን ጥቂት ነው። ሥራቸው በውጭ አገር «የብቸኝነት ሙዚቃ» ተብሎ ሲወደስ ይህ መዘንጋቱ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም ከጀርባው የብዙ ልጆች ረኀብ አለ።

ከዚህ ላይ የእኛ የደጋው አገር ልጆች ዕዳ ይመጣል። የእማሆይ ሸክላ ዛሬ በዓለም ዳርቻ ይሰማል። ሸክላው የታሰበለት ተማሪ ድምፅ ግን በዚያው በጎጆው ቀርቷል። ፒያኖው ከእርሱ የወሰደውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰሚ በአንድ ወገን ሸክላውን፣ በሌላው ወገን የቤተልሔሙን ድጓ፣ የዙር አባውን ዝማሬ፣ የላይ ቤቱን አቋቋም አቅርቦ ማነጻጸር አለበት። ይህን ሥራ ከእኛ ይልቅ ለመሥራት የቀረበ ማንም የለም። ለዚህ ሥራ ከፓሪስ ወይም ከአሜሪካ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አይገባንም፤ ጎጆዎቹ ያሉት በእግር በሚደረስበት መንገድ ላይ ነው።

ሥራው እንዴት ይሁን ቢሉ፣ አስተያየታችን ይህ ነው። በመጀመሪያ፣ ከእኛ መካከል ዜማ ተምሮ የመጣ ተማሪ ሸክላውን እየሰማ ርክርኩ፣ ደረቱ፣ ቍርጡ የት እንደ ወደቀ በምልክት ይጻፍ፤ በትክክል የማይገጥመውንም «አይገጥምም» ብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መምህራኑ ከፈቀዱና ተማሪዎቹ ከወደዱ ብቻ ድምፃቸው ይቀዳ፤ የመምህሩም ስም፣ የቦታውም ስም፣ የትምህርቱም ዓይነት አብሮ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከዚህ ቅጂ አንዳች ጥቅም ቢገኝ ለተማሪው ቀለብ ይዋል። ይህ ሦስተኛው ካልተፈጸመ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምርምር ተብለው ሊጠሩ ይችሉ ይሆናል፤ በእማሆይ ሸክላ ሚዛን ግን ቀለው ይገኛሉ።

በመጨረሻም የሸክላው ዋጋ ከየት እንደ መጣ ደግመን እናስታውስ። ደራሲዋ በአውሮፓ ተምረዋል፤ በካይሮ ተምረዋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የምንሰማው ጌጥና ዝግታ፣ በደጅ የቆመውም ሰው ርኅራኄ፣ በከፍተኛ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚሰጥ አይደለም። ደጅ ከሚያድር ልጅ አፍ የተሰማ ነው። ያ ልጅ ዛሬም በጋይንትና በደብረ ታቦር ጎጆዎች ድጓውን እየቀጸለ ነው፤ ድምፁን ለመስማት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ደጁን መክፈት ይበቃዋል።